የማይጠራው መስኮት

ዝናቡ ከማለዳ ጀምሮ አገር ምድሩን ሲያጥበው ስለዋለ ዛሬ ለመስኮት አጣቢ የሚሆን ሥራ የለም፤ ሰማይ ራሱ ባልዲውን ይዞ ወጥቶ የድሃ እንጀራ ይሻማል። እና ሰውየው በቀን በብርሃን አልጋው ላይ ተንጋሎ ጣሪያውን ያያል፣ ጣሪያውም እሱን ያያል፣ ከሁለቱ ማን ቀድሞ ዓይኑን እንደሚከድን እንጃ። ከእንቅልፍ ጋር ከተኳረፉ ሰነባብተዋል። በግራ ጎኑ ይተኛል፣ ይቆረቁረዋል፤ በቀኝ ይገለበጣል፣ ቀኙ ግድግዳ ነው፣ ግድግዳውም ከመሳሳቱ የተነሳ ጎረቤት ሲያዛጋ የሚከፈተው የእሱ አፍ ነው። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ ጠባብ ሲባል ዝም ብሎ ጠባብ አይደለም፣ ሰው ሐሳቡን መቀየር ከፈለገ ኮሪደር ወጥቶ ቀይሮ መመለስ አለበት። ታዲያ እሱ ከትናንት ጀምሮ አንድ ሐሳብ ይዞ ገብቶ መቀየርም መውጣትም አቅቶታል። ስልኩ ደረቱ ላይ ተኝቷል። ስልኩስ ታድሎ፣ ተኝቷል።

ትናንት ነው የተደወለለት፣ ወይ አሁን ነው፣ እሱ ዘንድ ሁለቱ ተደበላልቀዋል፣ ምክንያቱም ዓይኑን በከደነ ቁጥር አውቶቡሱ ውስጥ ነው፤ ባልዲውን በጉልበቶቹ መሃል አጣብቆ ተቀምጧል፣ አጠገቡ ያለችው ሴትዮ የኮምጣጤው ሽታ ከብዷት ፊቷን አዙራለች፣ ስልኩ ይጮኻል፣ ታላቅ እህቱ ናት።

«አንተ ሰውዬ!» ትለዋለች። እትዬ ስትቆጣ ወንድምነቱን ትነጥቀውና ሰውዬ ታደርገዋለች። «መስኮቱ አይደለም። ሰማኸኝ? መስኮቱ ምንም አልሆነም። ዓይኗ ነው።»

«የማን ዓይን?»

«የጎረቤት ድመት! የማን ይሆናል? የእማዬ ነዋ! ዛሬ በግድ ጎትቼ ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ግራው አልቋል አለ። አለቀ፣ በቃ። የዓይን ግፊት ነው፣ ውስጥ ውስጡን ጅማቱን ሲበላው ከርሟል፣ ቀድማችሁ ብትመጡ አለ። ቀኙ ትንሽ አለው። ጠብታ በየቀኑ ከተደረገላት ያቺን ትንሽ ያቆይላታል፣ ካልተደረገላት እሱም ይከተላል አለ።»

«ታዲያ ይደረግላት!»

«አላደርግም አለቻ! ነጭ ጋውን የለበሰውን ሰውዬ ምን እንዳለችው ታውቃለህ? ‹ልጄ ውጭ አገር የመስታወት አዋቂ ነው፣ እሱ መስኮቱ ነው ያለውን አንተ ከየት አምጥተህ ነው ዓይንሽ ነው የምትለኝ› አለችው። ሰውየው እኔን አየኝ፣ እኔ መሬቱን አየሁ። የኔን አፍ አትሰማም፣ የሐኪም አፍ አትሰማም፣ ያንተን ነው የምትሰማው። እዚህ ያደረሰን ያ አፍህ ነው፣ ያው አፍህ ይመልሰን። ደውልና ንገራት።»

«እደውላለሁ።»

«መቼ?»

«እንደገባሁ።»

ገባ። አልደወለም። ካልሲውን አጠበ። የታጠበውን ካልሲ ደግሞ አጠበ፣ ካልሲው ራሱ ‹ምነው በደህናህ ነው?› እስኪለው ድረስ። የመስታወት መጥረጊያውን ጎማ ከእጀታው አውጥቶ ጠርዙን ገልብጦ መለሰው፣ ባልዲውን አደረቀው፣ ጨርቆቹን እንደ ሙሽራ ልብስ አጣጠፋቸው፣ ስልኩን አንስቶ ሰዓት አየና መልሶ አስቀመጠው፤ እንግዲህ ተኝታ ይሆናል አለ። ሲነጋ ደግሞ፣ አሁን ቁርስ ላይ ትሆናለች። አሁን ደግሞ፣ አሁን ትንሽ ልጋደምና። ይኸው ተጋደመ።

መስኮቱን ያስገባው እሱ ነው። የእናቱ ቤት የነበረው የእንጨት መስኮት ነበር፤ ሲከፈት ነፋስ፣ አቧራና የጎረቤት ዶሮ ይገባል፣ ሲዘጋ ደግሞ በቀን ሰው ከሰው ይጋጫል። እሱ ከዚህ አገር ሆኖ በስልክ አዘዘ፦ ይነቀል፣ በቦታው መስታወት ይግባ፣ ሰፊ፣ እንደ ሱቅ ያለ፣ ከወንበሯ ሳትነሳ ጎዳናውን ከነአውቶቡስ ማቆሚያው የምታይበት። ገባ። ሰፈሩ ራሱን ሊያይ እየተሰለፈ መጣ አሉ። አንድ አውራ ዶሮ መስታወቱ ውስጥ ሌላ አውራ ዶሮ አግኝቶ ወር ሙሉ ሲዋጋ ከረመ፣ በመጨረሻ ታረቁና አብረው መጮህ ጀመሩ አለች እናቱ፣ እሷም ከእሱ የባሰች ቀልደኛ ናት፣ ከማን ወረሰው። ያን ጊዜ በደወለ ቁጥር ጎዳናውን ጠቅልላ ትልክለት ነበር። «ልብስ ሰፊው አዲስ ባርኔጣ አድርጓል አባቴ፣ ባርኔጣው ከስፋቱ የተነሳ ከሥሩ ሰውየው የለም።» እሱ ስልኩን በጆሮና በትከሻው መሃል አጣብቆ የሥራ ሱሪውን እያወለቀ እሺ ይላል። «የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ ሚስት ቀይ ጃንጥላ ገዛች፣ ዝናብ ሳይኖር ትዘረጋዋለች።» እሺ። «ከአውቶቡሱ ዛሬ አንድ ወታደር ወረደ፣ አንዲት ነፍሰ ጡር ወረደች፣ አንድ ፍየል ወረደ። አንተ አልወረድክም።» ትስቃለች። እሺ እማ፣ በይ ቻው፣ ይላል። ሱሪው ሳይወልቅ ስልኩ ይዘጋል።

መጀመሪያ የተናገረችውን ቀን ሲያስብ አልጋው ላይ እንደተነካ ትል ይኮማተራል። «ይሄ መስታወትህ ደፈረሰብኝ እኮ አባቴ። ምን ይሻለዋል?» አለችው። እና እሱ ምን ተሰማው? ደስታ! እዚህ አገር ከገባ ጀምሮ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ስሙን፣ የተወለደበትን ቀንና ያላለቀውን የመኖሪያ ፈቃድ ወረቀቱን ነው፤ ‹ምን ይሻላል› ብሎ ምክር የጠየቀው ፍጡር አልነበረም። ሱሪውን ማውለቅ ተወ። አልጋው ላይ ተቀመጠ። ጉሮሮውን እንደ ዳኛ ጠረገ።

«በምንድን ነው የምታጥቡት?»

«እህትህ ናት የምታጥበው። ቆይ ላገናኝህ።»

«በዱቄት ሳሙናና በአሮጌ ካልሲ» አለች እህቱ፣ ከኋላ ዕቃ እየተንኳኳ።

ሳቀ። ጎረቤት ግድግዳውን እስኪደበድብ ሳቀ። «ዱቄቱን ወዲያ በይው! ዱቄት ሳሙና መስታወት ላይ እንደ ሐሜት ነው፣ ጠርገሽ የጨረስሽ ሲመስልሽ ይተርፋል። ለአንድ ባልዲ ውሃ የዕቃ ማጠቢያውን ፈሳሽ ጠብ፣ ጠብ፣ በቃ። አረፋ ከበዛ ሥራው የአረፋ ሆነ ማለት ነው። ካልሲውን ደግሞ እግርሽ ላይ መልሺው። አሮጌ ነጭ ካናቴራ ፈልጊ፣ ብዙ ጊዜ የታጠበ፣ ክር የማይጥል።»

«ካናቴራ ያለው ወንድ በቤቱ ቢኖር ኖሮ እኔ መስታወት አጥብ ነበር?»

እናቱ ከወዲያ ስትስቅ ይሰማዋል። እንዴት ያለ ደግ ስልክ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስልኩ ሁሉ መስኮት ሆነ። ካናቴራው አልበጀም፣ አሁንም ደፍርሷል፤ እንግዲያው ኮምጣጤ፣ እኩል ከውሃ ጋር። ኮምጣጤው ተደረገ፣ «ቤቱ ሰላጣ ሰላጣ ሸተተኝ እንጂ ለውጥ የለውም» አለች እናቱ። እንግዲያው ጋዜጣ፣ በደረቁ፣ ተጨማድዶ፣ ክብ እየሠሩ ማሸት። «የሚያብረቀርቀውን ወረቀት እንዳትነኪ እትዬ፣ እሱ ኩሩ ነው፣ ውሃ አይጠጣም፤ ተራውን፣ ቀለሙ እጅ የሚያጠቁረውን።» ጋዜጣ ከልብስ ሰፊው ተለምኖ መጣ፣ የእህቱ እጅ ጠቆረ፣ መስኮቱ ግን አልጠራም አለች እናቱ። ፀሐይ እያለ አጥባችሁት ነው፣ ፀሐይ ውሃውን ቀድማችሁ ትጠጣና ምላሷን ትታበት ትሄዳለች፤ በጥላ ሰዓት እጠቡት። በጥላ ሰዓት ታጠበ። አሁንስ? «ኧረ እንጃ አባቴ።»

ጎማ መጥረጊያውን የላከው ያኔ ነው። የተገዛበትን ሱቅ ያየዋል፣ አሁን፣ ጣሪያው ላይ ያየዋል፤ ሱቁ ከመርዘሙ የተነሳ በሩ ላይ ጺሙን ተላጭቶ የገባ ሰው መጨረሻው ላይ አጎፍሮ ይደርሳል። ግድግዳው ሁሉ መጥረጊያ ነው። ፕላስቲክ እጀታ ያለው፣ ብረት ያለው፣ ናስ ያለው፣ አጭር፣ ረጅም፣ እንደ ቀጭኔ አንገት የሚመዘዝ። ሻጩ ምን ልርዳዎት ሲለው እጁን አወናጨፈበት፤ በዚህ አገር አንድ የሚያውቀው ነገር ቢኖር ይሄ ነው። የጎማዎቹን ጠርዝ ዓይኑን ጨፍኖ በአውራ ጣቱ ዳበሰ። የጠነከረው መስታወቱ ላይ ይዘላል፣ የለሰለሰው ውሃ ጥሎ ያልፋል፤ ጥሩው ጠርዙ ቀጥ ያለ፣ ወገቡ ግን የሚታጠፍ ነው፣ እንደ ጨዋ ሰው። ናሱን መረጠ። እሱ ራሱ የሚሠራበት እጀታው ተሰብሮ በፕላስተር የታሰረ ነበር፤ ለእናቱ ግን ናስ። ወደዚያ የሚሄድ ሰው ፈልጎ፣ ከለስላሳ ጠጉራም ጨርቅ ጋር ጠቅልሎ፣ እንደ ዕንቁላል አስይዞ ላከው። ሲደርስ እህቱ ደወለች፦ «እማዬ ትራሷ ሥር አድርጋው ነው የምታድረው። መስኮቱን በምን ላጥበው?»

ያው መልሳ ከትራስ ሥር እየመዘዘች አጠበች። እና እሱ የሙያውን ምስጢር አስተማራት፣ የሥራ አለቃው ያስተማረውን። አለቃው ሠራተኛው ሁሉ ‹አጉሊ› የሚለው ሰው ነው፤ መንገድ ተሻግሮ ቆሞ መስታወት ላይ የቀረች የውሃ ፍንጣሪ ያያል፣ አንዳንዴም ገና ያልተፈናጠረችውን ያያል። «ከውጭ ስታጥቢ ጎማውን ቁልቁል ሳቢው፣ ከውስጥ ስታጥቢ አግድም» አላት። «ከዚያ የቀረ ቆሻሻ ካለ ራሱ ይናገራል። መስመሩ የቆመ ከሆነ ውጭ ነው፣ የተጋደመ ከሆነ ውስጥ ነው። ሌላ ቦታ የለውም።»

«እማዬ፣ የቆመ ነው የተጋደመ?» ስትል ሰማ እህቱን።

«የቆመም የተጋደመም አይደለም» አለች እናቱ። «ጭስ ነገር ነው። ዳር ዳሩን ይይዝና ወደ መሃል ይመጣል።»

ዳር ዳሩን! እዚህ ላይ ነው ሰውየው ሁልጊዜ ከአልጋው ብድግ የሚለው፣ አሁንም ብድግ አለ፣ ራሱን ከግድግዳው መደርደሪያ አጋጨና ተመልሶ ተኛ። ዳር ዳሩን ስትለው እሱ ምን አለ? «ያዝኳት!» አለ። «እትዬ ናታ! መሃሉን ብቻ ነው የምታሸው፣ ጥጉን አትነካም! አንቺማ ከልጅነትሽ ጀምሮ ቤት ስትጠርጊ ጥራጊውን አልጋ ሥር ነበር የምትልኪው!»

«ለኔ እኮ ጥርት ብሎ ነው የሚታየኝ» አለች እህቱ። እንዲህ ነው ያለችው፣ ቃል በቃል፤ ጆሮው ውስጥ ከዚያ ቀን ጀምሮ ተቀምጧል፣ ዛሬ ነው የተነሳው። «ጥርት ብሎ ነው የሚታየኝ። መስታወት ያለበትም አይመስልም። ትናንት ወፍ መጥቶ ተላተመበት።»

«ወፉ ዕውር ነዋ!» አለ እሱ።

ሦስቱም ሳቁ። እናቱ ከሁሉ በላይ ሳቀች። ከዚያ እህቱ የክብሪት እንጨት ጫፍ ላይ ጨርቅ ጠቅልላ የመስኮቱን ጥግ ስትፈለፍል ከረመች፣ እሱ እያዘዘ፣ እናቱ ‹አሁንም አለ› እያለች፣ ወገቧን እየያዘች፣ የሁለት ቀልደኞች አሽከር ሆና። ያ ሁሉ ጊዜ ደግሞ ግፊቱ ማንንም ሳያስፈቅድ ውስጥ ውስጡን ይበላ ነበር።

አለማወቅ ቢሆን ምን ነበረበት። አላውቅም ነበር ብሎ ይተኛ ነበር። ግን ያውቅ ነበር፣ ያ ነው ጎኑን የሚቆረቁረው። እዚህ አገር የቤቱ መስኮት ሁሉ ሁለት መስታወት ነው፣ ብርድ እንዳይገባ ተጣብቆ የታሸገ። አንድ ጊዜ የጡረተኛ መምህርት ቤት ሄዶ አንዱን መስኮት ሲያጥብ አልጠራ ብሎት ከጠዋት እስከ ምሳ ታገለው፤ በሳሙና፣ በኮምጣጤ፣ በምላጭ፣ በምራቁ ጭምር፣ እጁ እስኪዝል። መምህርቷ ከኋላው ቆማ ታያለች፣ ሰነፍ ነው እያለች ነው ብሎ ያልበዋል። አጉሊ መጥቶ አንድ ጊዜ ብቻ አየውና ትከሻውን ያዘው። «ተው፣ ይሄ ቆሻሻ አይደለም» አለው። «ከውጭም አይደለም፣ ከውስጥም አይደለም። መሃሉ ነው የተበላሸው፣ እርጥበት ገብቶበታል። ብታሸው የሚያልቀው ክንድህ ነው። ለመምህርቷ ንገርና ውረድ።» ነግሮ ወረደ። ከዚያ በኋላ እሱ ራሱ ለስንቱ የቤት እመቤት በተሰባበረ ቋንቋው ‹መታጠብ አይደለም፣ መሃል፣ መሃል› ሲል ኖሯል። ለእንግዳ ሰው የሚናገረውን ለእናቱ መናገር እንዴት አጣው? የሷ መስኮት አንድ መስታወት ብቻ ነው፣ መሃል የለውም፣ አለ ለራሱ። ቁልቁልም ያልሆነ አግድምም ያልሆነ ነገር ከየት ይመጣል? ከመስኮቱና ከጎዳናው መሃል ሳይሆን ከመስኮቱና ከወንበሯ መሃል ያለው ምንድን ነው? እሷ ናታ። እሷን ማን ጠየቀ።

ደግሞ ጎዳናው። ጎዳናው ተለውጦ ነበር እኮ፣ እሱ ሱሪውን ሲያወልቅ። ስትነግረው ይሰማዋል፣ አሁን አንድ በአንድ ይሰማዋል፤ ልብስ ሰፊው ባርኔጣ ማድረጉን ትቶ ሳል ይዞታል። የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ ሚስት ጃንጥላዋ የለም፣ ጫማዋ ግን ይንቋቋል። አውቶቡሱ ፍሬኑ ያፏጫል። ከአውቶቡሱ የሚወርድ ሰው ከቀረ ቆይቷል፤ የሚሰማ እንጂ የሚወርድ የለም። ‹አንተ አልወረድክም› ማለትም ትታለች። እሱ ግን አንድም ቀን ‹እማ፣ ባርኔጣውስ?› አላለም።

ልሂድ፣ ይላል። ይነሳል። ሻንጣውን ከአልጋው ሥር ይስበዋል፣ ሻንጣው አቧራ ለብሷል፣ በጣቱ ይጠርገዋል፣ መልሶ ይገፋዋል። ዛሬ ጠዋት ወደ ወረቀቱ መሥሪያ ቤት ደውሎ ነበር። የምትመልሰው ማሽን ናት፤ ድምፅዋ እንዴት እንደሚያምር፣ ሰው ብትሆን ያገባት ነበር። ለዚህ አንድን ይጫኑ፣ ለዚያ ሁለትን ይጫኑ፣ እናቱ ዓይኗ ለሚጠፋ ስንትን እንደሚጫን አልተናገረችም። ሁሉንም ተጫነ። ዘፈን አዘፈኑበት፣ ከዘፈኑ ርዝመት የተነሳ ዘፋኙ ሳይደክመው አይቀርም፣ በመጨረሻ የሰው ድምፅ መጣ። ወረቀቱ ሳይወሰን ብወጣስ? መዝገቡ ይዘጋል፣ አለው ሰውየው በትሕትና፣ መመለስ የለም። እናቴ ዓይኗ... አዝናለሁ፣ አለው ሰውየው፣ ሌላ የምረዳዎት ነገር አለ? የለም አለ። ምን ይበል። ከዚያ ሰውየው መልካም ቀን ተመኘለት፣ ዝናቡ ደግሞ ባሰበት።

ስልኩን ከደረቱ ላይ አነሳ። መጀመሪያ በቀልድ ልጀምር አለ። ቀልድ ሲያጣ የመጀመሪያ ጊዜው ነው። እሱ እኮ በአገሩ ለቅሶ ቤት ገብቶ አልቃሽ ያሳቀ ሰው ነው፣ ሬሳው ብቻ ነው አሉ የታገሠው። ‹እማ፣ ሐኪሙ መስኮትሽን ከፊትሽ ላይ አገኘው› ልበላት? አይ። ‹እማ፣ የሞኝ ልጅ ወለድሽ› ልበላት? እሱንስ ታውቀዋለች። እንደዚያ እያለ ጣቱ ቀደመውና ተጫነ፣ ጠራ፣ ተነሳ።

«ሃሎ? ማነው?»

«እኔ ነኝ እማ።»

«አባቴ! ምነው በሥራ ሰዓት? ደህና አይደለህም?»

«ዝናብ ነው፣ ሥራ የለም።»

«እሰይ፣ አረፍክ። ምሳ በላህ?»

«በላሁ።»

«አልበላህም። ድምፅህ ባዶ ሆድ ነው።»

 እዚያ ቤት ዕቃ ይንኳኳል፣ እህቱ ናት፣ ስታጥብ ነው።

«እንኳን ደወልክ» አለች እናቱ፣ ድምፅዋን እንደ ሁልጊዜው አሞቃ። «ስለ መስኮቱ ልጠይቅህ ነበር። ዛሬም አልጠራም። በሎሚ ይሻል ይሆን?»

በሎሚ ማለት እንዴት ቀላል ነበር። አፉ ላይ መጣ። ሎሚ ጥሩ ነው እማ፣ ግማሹን ቆርጠሽ፣ ፍሬው እንዳይቧጥጠው በጨርቅ አጥልለሽ፤ ሁሉም ተሰልፎ ጥርሱ ሥር ቆሟል። አንዲት ቃል ብትወጣ ሌላው ይከተላል፣ ይሳሳቃሉ፣ ዛሬም ያልፋል፣ ጠብታው እንደታሸገ ያድራል፣ ነገ ደግሞ ሌላ ነገር ይገኛል፣ አመድ አለ፣ ነጭ ጋዝ አለ፣ ዓለም ላይ መስኮት የሚታጠብበት ነገር አያልቅም፤ ዓይን ግን ያልቃል።

«እማ፣ መስኮቱ ንጹሕ ነው።»

«እ?»

«ንጹሕ ነው። ከመጀመሪያውም ንጹሕ ነበር። እትዬ ጥሩ አድርጋ ነው ያጠበችው። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፣ የማላውቀውን አውቃለሁ ብዬ። ዓይንሽ ነው እማ። ሐኪሙ ያለው እውነት ነው። ጠብታውን አድርጊ፣ በሞቴ አድርጊ።»

እዚያ ቤት ዕቃው መንኳኳቱን አቆመ። ስልኩ ውስጥ ትንፋሽ ብቻ ቀረ፣ የማን እንደሆነ አልለየውም።

«አውቃለሁ» አለች እናቱ።

«ምኑን?»

«ዓይኔ መሆኑን። የራሴ ዓይን አይደል እንዴ? ሰው ዓይኑ ሲጠፋ ከጎረቤት ነው የሚሰማው? ልብስ ሰፊው ባርኔጣውን የጣለ ጊዜ ነው ያወቅሁት። ‹ምነው ባርኔጣህን?› ብለው ‹ኧረ ራሴ ላይ ነው እማማ› አይለኝም!» ልትስቅ ሞከረች፣ ሳቁ ግማሽ መንገድ ላይ ቀረ።

«ታዲያ ለምን... ለምን መስኮቱ ነው ትያለሽ? ሐኪሙን እንኳን...»

«ዓይኔ ነው ብልህ ጥለህ ትመጣ ነበራ። ጠብታ ማድረግ ከጀመርኩ እህትህ ትነግርሃለች፣ ከተነገረህ ደግሞ ሻንጣህን ትስባለህ፣ አላውቅህም እንዴ? ይሄ ወረቀት እስኪያልቅ ልጄ አይነካ አልኩ። አንዱ ዓይን ይበቃኛል መስሎኝ ነበር፣ ሁለተኛው ይከተለዋል አላልኩም። በመስኮት ካመካኘሁ ከአንተ የሚወጣው ምክር ነው፣ ምክር ደግሞ ሞልቶሃል።»

ሰውየው አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጧል። መቼ እንደተነሳ አያውቅም። ዕንባው በአፍንጫው በኩል ይወርዳል፣ ቁልቁል፣ እሱም አይጠርገውም።

«ያን ሁሉ ጊዜ እማ? ጋዜጣው፣ ጎማው፣ ያ ሁሉ... አንድ ቀን እንኳ ጠቆም ብታደርጊኝ...»

«ልነግርህ አስቤ ነበር» አለች፣ ድምፅዋ ዝቅ አለ። «እውነቱን ልንገርህ? ልነግርህ እልና ደስ ይለኛል፣ እተወዋለሁ። ድሮ ስትደውል እንዴት ነበር? ‹ደህና ነሽ? ደህና ነኝ። እሺ፣ ቻው።› ጎዳናውን ሁሉ ሰብስቤ ብነግርህ እሺ ነው መልስህ። መስኮቱ ደፈረሰ ያልኩህ ቀን ግን ጆሮዬ እስኪግል አወራኸኝ። ስለ ሳሙና፣ ስለ ካልሲ። እኔ ምኑን አውቄው፣ ድምፅህን ነው የምሰማው። ሳቅህ ደግሞ። እዚያ ከሄድክ ወዲህ ስትስቅ የሰማሁህ ስለ መስኮት ስታወራ ብቻ ነው። እህትህን ስትሰድባት፣ እንደ ድሮው። ቤት የገባህ ይመስለኛል።»

ስልኩን ወደ ሌላኛው ጆሮው አዛወረ።

«እሷን ደግሞ ይቅርታ ጠይቃት፣ ለእኔና ለአንተ ወሬ ስትል ክንዷ አልቋል። ይኸው አጠገቤ ቆማለች፣ ታለቅሳለች መሰለኝ፣ አፍንጫዋን ስትስብ ይሰማኛል።»

«አላለቅስም!» አለች እህቱ ከወዲያ፣ እያለቀሰች።

«ጠብታውን ታደርግልኛለች» አለች እናቱ። «ዛሬውኑ። አሁን እንግዲህ ሰምተሃል፣ የምደብቀው የለኝም። አንተ ግን ወረቀትህ ሳያልቅ እንዳትነቃነቅ። ጥለህ ብትመጣ አላይህም፣ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምቀበልህ።»

«እሺ እማ።»

እሺ ሲል እንደ ድሮው እሺ ሆነበት፣ የሚዘጋበት እሺ፣ ደነገጠ። ሌላ ቃል ፈለገ። አገር የሚያስቅ አፍ ተከፍቶ ቀረ፣ ነፋስ ብቻ ገባበት።

እናቱም ይህን የሰማች ይመስላል። የልጅ በሚመስል ድምፅ፣

«ታዲያ ከእንግዲህ» አለችው፣ «ምን እየጠየቅሁ ላቆይህ?»

ጭንቅላቱን በረበረ። ስለ ዝናቡ ቢነግራት ዝናብ ያው ዝናብ ነው። ስለ ክፍሉ ቢነግራት ክፍሉ በአንድ ትንፋሽ ያልቃል። ስልኩ ጆሮው ላይ ሞቀ።

«አለህ?» አለች።

«አለሁ።»

«እሺ» አለች፤ እሱም ዝም አለ፣ እሷም ዝም አለች፣ ስልኩን ግን አንዳቸውም አልዘጉትም።